የድሮ እርሻና የገጠር ፎቶ፦ ሁሉም ፖስት ካርድ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

አቧራማ_መንገድ

ሰላም ለቤቱ። የትርፍ ጊዜዬ የድሮ እርሻና የገጠር ፎቶ ነው። የተዘጉ ጎተራዎች፣ ያዘመሙ አጥሮች፣ ማንም የማይነዳቸው ትራክተሮች፣ የአቧራ መንገዶች። ገንዘብ አላገኝበትም። መውጣቱ በራሱ ደስ ይለኛል።

ችግሬ ይሄ ነው። ቦታው ላይ ቆሜ ሳየው ልቤ ጥፍት ይላል። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ሜዳ፣ መሐል ላይ አንድ ጎተራ። በቃ ፖስት ካርድ! ቆንጆ ነው፤ ግን ደግሞ ሊያየው የሚፈልግ የለም። እኔም ጭምር።

ካሜራዬ መካከለኛ ነው። አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስና አንድ ትሪፖድ አለኝ። ሰፋ ያለ ሌንስ ልግዛ ወይስ ረጅም ዙም? ወይስ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው? ጥቂቶቹን ለጥፌያለሁ። ሳትራሩ ንገሩኝ።

ማለዳ_ተነሺ

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የለጠፍካቸውን አየሁ። ሁሉም ላይ የጎተራው ጥላ እግሩ ሥር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው ያነሳሃቸው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ዝርግ ይሆናል፣ ሳሩ ይነጣል፣ የማሳው ትልም ይጠፋል።

ወርቃማ ሰዓት የሚባለው ፀሐይ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ገደማ እስክትደርስ ያለው ጊዜ ነው። ማታም እንደዚያው። ከምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋህ ቁጥር ይረዝማል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ተዝናንቶ ያነሳል፣ ሌላው ደግሞ ይሮጣል።

ግን ሰዓቱ ብቻ አይበቃም፣ አቅጣጫም አለ። ሰንካልክ የሚባለውን ነጻ ድረ ገጽ ክፈትና ቦታውን ካርታው ላይ ንካ። በዚያ ቀን ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባ መስመር ያሰምርልሃል። አንዳንድ ግድግዳ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ፀሐይ አያገኝም። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በቀጥታ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ የሚባል ነገር አይነካውም። እዚያ ጋ ጠዋትም ማታም ብትመላለስ ድካም ነው። ወይ ወቅቱን ጠብቅ፣ ወይ ደመናማ ቀን ሂድና ለስላሳውን ብርሃን ተጠቀም።

ጉም ከፈለግህ ደግሞ ዝናብ ጥሎ ሲያበቃ ሌሊቱ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ በማግስቱ ማለዳ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተገኝ። መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ስለሚያጣ እርጥቡ አየር እዚያው ይረጋል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቶሎ ይበተናል፣ ስለዚህ ሳይነጋ ድረስ።

ስልኬ_ይበቃኛል

"ሌንስ አትግዛ" የሚለውን በሁለት እጄ እደግፋለሁ። እኔማ ካሜራም አልገዛሁም 😄

ለስልከኞች ብቻ፦ መጀመሪያ የስልኩን ሌንስ ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ ላብና ቅባት ስላለበት ፀሐይን ፊት ለፊት ስታነሱ ሁሉንም ነገር ወተት ያስመስለዋል። ከዚያ ሰማዩ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩ፤ ፎከሱና ኤክስፖዠሩ (የብርሃኑ መጠን) ይቆለፋል። ትንሽ አጨልሙት። የጨለመውን በኋላ ማንሳት ይቻላል፤ ነጥቶ የጠፋ ሰማይ ግን አይመለስም። በጣት እየከፈታችሁ ዙም አታድርጉ፣ በእግራችሁ ቅረቡ። በጣም ሰፊው ሌንስ ደግሞ ጎተራን ጥግ ላይ ካደረጋችሁት ግድግዳውን ይጎትተዋል። ያዘመመ ጎተራ የበለጠ ሲያዘም ያሳዝናል።

አናጢው

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። አናጢ ነኝ፤ አሮጌ እንጨት ቤቶችን እጠግናለሁ። ለራሴ ማስታወሻ ስል ነው ማንሳት የጀመርኩት። ከሙያዬ አንድ ነገር ላካፍል።

አቧራማ መንገድ፣ ያነሳኸው ሁሉ ከሩቅ ነው። ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ክንድ እስኪቀርህ ድረስ። አሮጌ እንጨት ለምን እንደሚሸብት ታውቃለህ? የፀሐይ ጨረር እንጨቱን አጣብቆ የያዘውን ነገር ይሰብረዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ የቀረው ግራጫ ይሆናል። ለዚህ ነው ጣሪያው በሚከልለው በላይኛው ክፍል ላይ ግድግዳው ቡናማ ሆኖ የሚቀረው፣ ከታች ደግሞ ብርማ የሚሆነው። ያችን የሁለት ቀለም ድንበር ፈልጋት። ዝናቡ ስንት ድረስ ይመታ እንደነበር በእሷ ይነበባል።

ሳንቃው ላይ ደግሞ በጣት ሲዳሰስ ሸካራ የሆነ መስመር አለ። በእድገቱ ዘመን መጀመሪያ የወጣው ለስላሳ ክፍል ቶሎ ተበልቶ ያልቃል፣ ጠንካራው ቀለበት ቀና ብሎ ይቀራል። ብርሃን ከጎን፣ ግድግዳውን እየላሰ ሲያልፍ እያንዳንዱ ቀለበት የራሱን ጥላ ይጥላል። ፊት ለፊት ከመታው ግን ምንም አታይም። የኦክ እንጨት ከሆነ ምስማሩ ሥር ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ታያለህ። ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው። ሰዎች ቆሻሻ መስሏቸው በኤዲቲንግ ያጠፉታል!

ምሰሶዎቹን እያቸው። በእጅ በመጥረቢያ የተጠረበ ከሆነ አጭር አጭር የስለት ጠባሳ አለበት። ቀጥ ያለ ትይዩ ጭረት ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ መጋዝ ነው የተሰነጠቀው። ጭረቱ እንደ ቅስት ከታጠፈ ደግሞ በክብ መጋዝ ነው፤ ያ ዘግየት ያለ ጊዜ ሥራ ነው።

ከሁሉ የምወደውን ልንገርህ። በረት ውስጥ ግባና ምሰሶውን በከብት ቁመት ልክ እየው። ከወገብ ዝቅ ብሎ እንጨቱ እንደ ተወለወለ ያበራል። ለብዙ ዓመት ላሞች አንገታቸውን ያሹበት ነው። በሩ ላይም እጅ ሲይዘው የኖረበት ቦታ ይለያል። ሰውም ከብትም ፎቶው ውስጥ ሳይኖሩ እዚያ መኖራቸው ይታያል። አንተ ጎደለኝ ያልከው ይሄ ይመስለኛል።

አቧራማ_መንገድ

አናጢው፣ እጅህ ይባረክ! ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሁለት ጥያቄ ጨመረብኝ። አንደኛ፣ ውስጥ ገብቼ ሳነሳ ወይ መስኮቱ ይነጣል ወይ ክፍሉ ድቅድቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ላይ ነው የማነሳው። ማንም የማይኖርበት የሚመስል ቦታ ሲሆን መግባት ይቻላል?

የገበሬ_ልጅ

"ማንም የማይኖርበት የሚመስል።" እሺ፣ ይህችን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ።

እኔ ያደግሁት እናንተ ፎቶ የምታነሱት ዓይነት ቦታ ነው። ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ቤቱ ባዶ ቢሆንም ማሳው የሚታረስ፣ ሳሩ የሚታጨድ፣ ግጦሹ የተከራየ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ የማናውቃቸው ሰዎች ከነካሜራቸው መጥተው የግጦሹን በር ከፍተው ሄዱ። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ከብት ሲፈልግ አደረ። ፎቷቸው ግን ሳያምር አይቀርም።

ስለዚህ፦ በር ዝግ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ክፍት ካገኛችሁት ክፍት ተዉት። ክፍት የተተወው ከብቶቹ ውሃ ጋ እንዲደርሱ ሊሆን ይችላል። ሰብል ውስጥ አትግቡ፣ በዳር በዳሩ ሂዱ። ዝም ብሎ የበቀለ የሚመስል ሳር ሁሉ ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም፤ ለከብት መኖ የተተወ ሊሆን ይችላል። ጥጃ ከያዘች ላም ራቁ። ጥጃው ሲያምር ነው ሰው የሚጎዳው።

ደግሞ ጫማችሁን እጠቡ። የቀልድ አይደለም። የአፍና እግር በሽታ በጫማና በመኪና ጎማ ጭቃ ከእርሻ እርሻ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪታንያ ውስጥ ሲነሳ የገጠር የእግር መንገዶች ለሕዝብ ተዘግተው ነበር፣ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ከብትና በግም ታረደ። በአንድ ቀን ሁለት እርሻ የምትዞሩ ከሆነ መሐል ላይ ውሃና ብሩሽ ይኑራችሁ።

ፈቃድ መጠየቅ ከባድ አይደለም። በቀን ሂዱ፣ ካሜራውን አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት፣ አትደብቁት። ማን እንደሆናችሁና ፎቶውን የት እንደምታደርጉት ተናገሩ። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። ከዚያ የታተመ ፎቶ ወስዳችሁ ስጡ። በስልክ መላክ ሳይሆን፣ ታትሞ። ቀጣዩን በር የሚከፍትላችሁ እሱ ነው።

አንድ የቆየ ቅሬታም አለኝ። የፈረሰ ጎተራ ለእናንተ ውበት ነው። ለባለቤቱ ያልተጠገነ ጣሪያ ነው። ለምን እንደተተወ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፦ አዲሱ ማሽን በድሮው በር አይገባም። ሳሩ ድሮ ልቅ ሆኖ ጣሪያ ሥር ይከመር ነበር፤ አሁን በማሽን ተጠቅሎ ትልቅ ጥቅልል ሆኗል፣ ላይ ማውጣት አይቻልም። እህሉም የብረት ጎተራ ውስጥ ገብቷል። ይሄን ካወቃችሁ በሩን ታነሱታላችሁ፣ ከአዲሱ ትራክተር ጎን አድርጋችሁ። ካላወቃችሁ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ ታነሱና ትሄዳላችሁ።

ማለዳ_ተነሺ

እህቴ፣ ልክ ልካችንን ነገርሽን። እቀበላለሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ማንሳቴን ግን አልተውም 😊

የውስጡን ጥያቄ ልመልስ። ዓይናችን ጨለማውንም መስኮቱንም አንድ ላይ ያያል፣ የካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) ግን አይችልም። ትሪፖዱን ትከል፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ አድርግ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8። ከዚያ ሦስት ፎቶ አንሳ፦ አንዱ ለመስኮቱ፣ አንዱ ለመሐሉ፣ አንዱ ለጥጋጥጉ፣ በሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው)። በኋላ ላይትሩም ወይም ሌላ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ያዋህዳቸዋል። ሮው ፋይል (ካሜራው ያልነካካውን ጥሬ ምስል) አንሳ። ጄፔግ ጨለማውን ስታነሳው ይንጫጫል።

ሌላው መንገድ ደግሞ ጭራሽ አለመታገል ነው። መስኮቱን ከፍሬሙ አውጣውና ብርሃኑ የሚያርፍበትን ነገር ብቻ አንሳ። ወለሉን፣ የተሰቀለውን ማጭድ፣ የጋሪውን ጎማ። ጨለማው ጨለማ ይሁን። ሁሉም ጥግ እኩል የበራበት ጎተራ ውሸት ውሸት ይሸታል።

ሕንጻውን ከውጭ ስታነሳ ካሜራህን ወደ ላይ አታቅና። ቀና ካደረግኸው ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ራቅ ብለህ ካሜራውን ቀጥ አድርገህ ያዝና ትርፉን መሬት ቁረጠው።

አናጢው

ውስጥ ስለመግባት ከእኔ ስሙ፣ ሥራዬ ነው። ፈቃድ አግኝታችሁም ቢሆን የላይኛው ወለል ላይ አትውጡ። ሳንቃው ከላይ ደህና ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ተበልቶ ያለቀ ሊሆን ይችላል። የግድ ከሆነ ተሸካሚው አግዳሚ ባለበት፣ ምስማሩ በተሰለፈበት መስመር ላይ ብቻ ርገጡ። ሳር የበቀለበት ግቢ ውስጥ የተከደነ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል፤ የበሰበሰ ሳንቃ ላይ ቆማችሁ ፍሬም አትፈልጉ። የቴታነስ ክትባታችሁን አሳድሱ።

የአይጥ ኩስ ያለበትን ደረቅ አቧራ አትጥረጉ፣ በእግራችሁም አታቡንኑ። በአንዳንድ አገር ሃንታ ቫይረስ የሚባለው በሽታ ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፈው በዚህ ነው። መጀመሪያ በር ከፍታችሁ አናፍሱት። የድሮ የሲሚንቶ ቆርቆሮ የሚመስል ሞገዳማ ጣሪያ ካያችሁ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) ሊኖርበት ስለሚችል አትስበሩ፣ አትንኩ። ጉጉት ጎጆ ሠርታ ካገኛችሁ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ውጡ። እንግሊዝ ውስጥ ጎተራ የምትኖረዋን ጉጉት ጎጆዋ ላይ ሳለች መረበሽ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው። ሕግ ባይኖርም ያው ነው።

ጥቁርና_ነጭ

እኔ ደግሞ ስለ ቀለም ልጨቃጨቅ። አብዛኛው የገጠር ፎቶ የሚበላሸው ቦታው ላይ ሳይሆን ኤዲቲንግ ላይ ነው። ሳሩ አረንጓዴ ይሁን ብለው ፕላስቲክ ያደርጉታል። ዝገቱ ብርቱካን ይሆናል። ሰማዩ ከሌላ ፎቶ ተለጥፎ ጥላው በግራ፣ ደመናው በቀኝ ይበራል።

በጥቁርና ነጭ ሞክሩት። ስትቀይሩ ግን "ቀለም አጥፋ" የሚለውን ብቻ አትጫኑ። ቀለሞቹን ለየብቻ አስተካክሉ። ሰማያዊውን ዝቅ ብታደርጉ ሰማዩ ይጨልምና ደመናው ይወጣል። ድሮ ፊልም ላይ ቀይ ማጣሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ግራጫ ሳንቃ በጥቁርና ነጭ ምንም አይጎድልበትም፣ ቀድሞውንም ቀለም የለውማ።

ፖላራይዘር ግዛ የሚልህ ካለ ግዛ፤ ኮምፒውተር የማይተካው ማጣሪያ እሱ ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ያለውን ነጸብራቅ ያጠፋል፣ ከፀሐይ 90 ዲግሪ ላይ ያለውን ሰማይ ያጠቁራል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ግን ተአምር አትጠብቅ። ከባዶ ብረት የሚመለስ ብርሃን በፖላራይዘር አይጠፋም። ለዚያ መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው።

አቧራማ_መንገድ

ግን የኤሌክትሪክ ገመድስ? ጎተራው ፊት ለፊት ገመድ ካለ አጠፋዋለሁ። ወለሉ ላይ ያለ የፕላስቲክ ባልዲም ከቦታው አነሳለሁ። ይሄም ውሸት ነው?

ባለ_ፊልሙ

ልጆች፣ ዘግይቼ መጣሁ። ይህ ጥያቄ የቆየ ነው፤ በእሱ ምክንያት አንድ ፎቶ አንሺ መንግሥትን አስወቅሷል።

አሜሪካ ውስጥ በድርቁና በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ፣ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ቀጥሮ ወደ ገጠር ላከ። ዶሮቲያ ላንግ፣ ዎከር ኢቫንስ፣ ራስል ሊ፣ ማሪዮን ፖስት ዎልኮት፣ አርተር ሮትስታይን። በ1936 ሮትስታይን ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የበሬ የራስ ቅል አገኘ። ጥቂት ሜትር አንቀሳቅሶ በተሰነጣጠቀ ደረቅ መሬት ላይ አነሳው፣ ሌላ ቦታም አነሳው። ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነበር። ተቃዋሚ ጋዜጦች "መንግሥት ድርቁን ፈበረከው" ብለው ጮኹ። ድርቁ እውነት ነበር፣ ቅሉም እውነት ነበር፤ ግን መንቀሳቀሷ በቂ ሆነች። ስለዚህ ባልዲውን ካነሳህ፣ ቢያንስ "እንዲህ ነበር" ብለህ አትናገር። እኔ ብሆን ግን ባልዲውን ከቦታው አላነሳውም ነበር። ባልዲው የዛሬው ሰው ነው።

የእነዚያ ፎቶ አንሺዎች አለቃ ሮይ ስትራይከር ከመላካቸው በፊት ዝርዝር ይሰጣቸው ነበር። ምን ይታረሳል፣ በምን ይታረሳል፣ ማታ ሰዎች የት ይቀመጣሉ፣ ግድግዳ ላይ ምን ይሰቅላሉ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ካሜራ ከመያዛችን በፊት ጥያቄ መያዝ ማለት ነው። ከ160,000 በላይ ፎቶዎች የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያሉ። አንድ ምሽት ለእነሱ ስጧቸው። የፎቶ ትምህርት ቤት ነው።

ደግሞ ይህን ዕወቁ፤ የእኛ ነገር የፎቶግራፍ የመጀመሪያው ነገር ነው። እስካሁን ከተረፉት በካሜራ ከተነሱ ፎቶዎች ቀደምቱ፣ የኒሴፎር ኒየፕስ፣ በ1826 ወይም 1827 የተነሳው፣ ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ካለ ቤት መስኮት የታየ የጎተራ ጣሪያና የእርግብ ቤት ነው። በእንግሊዝ ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1844 የተከፈተ የበረት በር አነሳ። በሩ ላይ የተደገፈ መጥረጊያ፣ ጎኑ ላይ ፋኖስና የፈረስ ልጓም። ጌታ አልነበረበትም፣ ቤተ መንግሥት አልነበረበትም። መጥረጊያ ብቻ።

ጥቁርና_ነጭ

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ እኛ ዝም ማለት ነው ያለብን። ግን በገመዱ ጉዳይ አልስማማም። ለራሱ ግድግዳ የሚሰቅለው ከሆነ ገመዱን ቢያጠፋ ማን ተጎዳ? ሰነድ ነው ካላለ ሥዕል ነው።

ባለ_ፊልሙ

ልጄ፣ ለግድግዳው ከሆነ ያጥፋ። ዋናውን ፋይል ግን ሳይነካ ያስቀምጥ። ያ ገመድ መብራት መቼ እንደገባ የሚናገር ብቸኛው ነገር ሊሆን ይችላል።

ከላይ_እይታ

ድሮን ማንም አላነሳም? ፀሐይ ዝቅ ስትል ከላይ የሚታየው ሌላ ዓለም ነው። ከመሬት የማይታይ የድሮ ትልም፣ የፈረሰ አጥር፣ የተረሳ መንገድ በጥላው ይወጣል። ሲደርቅ ደግሞ ከመሬት በታች ድንጋይ ባለበት ሰብሉ ቀድሞ ይጠወልጋል፣ ድሮ ቦይ በነበረበት ለምልሞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ድርቅ አየርላንድ ውስጥ ኒውግሬንጅ የሚባለው ጥንታዊ መቃብር አጠገብ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ትልቅ ጥንታዊ ክብ ቅርጽ የታየው በዚህ መንገድ ነው። ያገኙት በራሳቸው ድሮን ሜዳውን ሲቃኙ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ከፍታው በአውሮፓ ኅብረት 120 ሜትር፣ በአሜሪካ 400 ጫማ ነው፤ እሱም ያው ወደ 122 ሜትር ይጠጋል። የየአገሩን ሕግ ግን አስቀድማችሁ እዩ። ጭራሽ የሚከለክልም አለ።

የገበሬ_ልጅ

ከፍታው ይቅርና፣ ፈረስና በግ ድሮን ሲሰማ አጥር ላይ ይወጣል። ከብት ካለ አታስነሳው። ፈቃዱንም ለካሜራ ብቻ ሳይሆን ለድሮንም ለይታችሁ ጠይቁ፤ ለሰዎች ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ስልኬ_ይበቃኛል

አንድ ነገር ሳይረሳ። ፎቶ ስትለጥፉ የቦታው ጂፒኤስ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይሄዳል፣ ሁሉም መተግበሪያ አያጠፋውም። ስልካችሁ ሲያጋራ "ቦታ አትላክ" የሚል አማራጭ አለው፣ ተጫኑት። ባዶ ቤት ውስጥ አሮጌ ብረትና እንጨት እንዳለ ማስታወቂያ ማውጣት ምን ይሉታል? የሚወስድ ሞልቷል።

ጎብኚም ራሱ ይበዛል። አሜሪካ ቨርሞንት ውስጥ ፖምፍሬት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አንድ የድሮ እርሻ በማኅበራዊ ሚዲያ ዝነኛ ሆኖ፣ ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር ሰው መንገዱን ዘግቶ ግቢ እየገባ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከተማዋ በዚያ ወቅት መንገዱን ለጎብኚ መኪና ዘጋችው። ሁሉም አንድ ዓይነት ፎቶ ይዞ ሊመለስ!

አቧራማ_መንገድ

እሺ፣ ሌንሱ ቀርቷል 😄 ያሰብኩት እንዲህ ነው። አስር ቦታ ከመዞር አንድ እርሻ ልያዝ። ባለቤቶቹን አውርቼ እሺ ካሉኝ እዚያው እየተመላለስኩ ልሥራ። ከዝርዝር ጋር። መጀመሪያ በሩ፣ ምሰሶዎቹ፣ መሣሪያዎቹ፣ ከዚያ ሰዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ሲሠሩ። ከውጭ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ በየወቅቱ አንድ ዓይነት ፎቶ። የሚሆን ይመስላችኋል? በምን ላረጋግጥ ቦታው ያው መሆኑን?

ማለዳ_ተነሺ

ይሄ ጥሩ ነው። ያው ቦታ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ነገር አሰልፍ፤ ቅርብ ያለ ጥግና ሩቅ ያለ ጫፍ። ለምሳሌ የአጥሩ ምሰሶ ከጣሪያው ጫፍ ጋር ሲገጥም። በቀኝም በግራም እንዲህ ያለ ጥንድ ካገኘህ ቆሜበት የነበረው ቦታ የቱ ነው ብለህ አትጨነቅም። ዙምህን አንድ ቁጥር ላይ ቆልፈው፣ 35 ይበቃል። የትሪፖዱን ቁመት ጻፍ። የመጀመሪያውን ፎቶ አትመህ ወይም ስልክህ ላይ ይዘህ ሂድና እያስተያየህ ግጠም። ሰዓቱንም ያዝ፣ ጥላው እንዲነጻጸር።

አናጢው

ግድግዳውን ቀጥ ብለህ ፊት ለፊትም አንድ ጊዜ አንሳው፤ ጎኑ ላይ የሜትር እንጨት አቁም። አያምርም፣ ግን አንድ ቀን ጣሪያው ሲወድቅ እንደ እኔ ያለ ሰው ልኩን ያገኝበታል።

ባለ_ፊልሙ

የምታትመውን ከጀርባው ጻፍበት። በለስላሳ እርሳስ፣ በቀስታ፣ ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፈህ። እስክርቢቶ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይወጣል። ቀን፣ ቦታ፣ ወዴት ዞረህ እንዳነሳህ፣ ነገሩ ለምን ይሠራበት እንደነበር። ኮምፒውተር ላይ ያለውም ፋይሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የፋይል ስም ብቻ አትመን።

የገበሬ_ልጅ

የየማሳውን ስምም ጠይቅና ጻፍ። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ቤተሰቡ የሚጠራበት ስም አለው፣ ካርታ ላይ የሌለ። የእኛ አንዱ "የጠፋችው ጊደር" ይባላል። ለምን እንደሆነ የምታውቀው አያቴ ብቻ ነበረች፣ እኔ ስጠይቃት የነገረችኝ ደግሞ ለወንድሜ ከነገረችው አይገጥምም። ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።

አቧራማ_መንገድ

ቅዳሜ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ውሃና ብሩሹን መኪናው ውስጥ አስገብቻለሁ፣ የገበሬ ልጅ እንዳትቆጪኝ። እሺ ካሉኝ የመጀመሪያዎቹን እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ቦታውን ሳልናገር።